ጨው የሚችል ዛፍ ጨውን እንዴት ነው የሚችለው? የመራዊው አቮካዶስ ጫፉ ለምን ነደደ?

ችግኝ ዘመራዊ
ሰላም ለመድረኩ ቤተሰብ። ሁለት ጥያቄ አለኝ፤ የሚገናኙ ስለመሰለኝ አንድ ላይ አቀርባቸዋለሁ።

አንደኛ፦ 20 በ30 ሳንቲ ሜትር ላስቲክ ውስጥ ያለ የተዳቀለ አቮካዶ የታችኞቹ ቅጠሎች ከጫፋቸው ጀምረው ቡናማ ሆነው እየደረቁ ነው። ድብልቁ 3 እጅ የአካባቢ አፈር፣ 2 እጅ የከብት ፍግ፣ 1 እጅ አሸዋ ነው። በላዩ አንዳንድ የውኃ ጠርሙስ ክዳን ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ተጨምሯል። ያዩት ሁሉ «ጨው ነው» ይላሉ። ጎጃም ላይ ጨው ከየት መጣ?

ሁለተኛ፦ ለመካከለኛው አዋሽ ጨዋማ መሬት የሚሆን የዛፍ ችግኝ እንዲፈላ ትእዛዝ አለ። የትኛው ዛፍ ነው ጨው የሚችል? የሚችለውስ እንዴት ነው? ይህን ሳላውቅ ዘር መግዛት አልፈልግም።

አፈር መዛኝ
የመጀመሪያውን ልመልስ፤ ሁለተኛውን ሥር አዋቂ ቢይዘው ይሻላል።

የጎጃም ደጋና ወይና ደጋ መሬት ችግሩ በአብዛኛው ጨው ሳይሆን አሲድ ነው። በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ የሚዘንብበት አገር ካልሲየሙንም ማግኒዥየሙንም ሶዲየሙንም አጥቦ ወደ ዓባይ ይወስደዋል። የሚቀረው ቀይ አፈር ነው፤ የአሲድነት መለኪያው ፒኤችም ብዙ ቦታ ከ5.5 በታች ይወርዳል፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ በዛ ማለት ነው። ስለዚህ ማሳ ላይ «ጨው» የሚል ሰው ቢመጣ በመጀመሪያ ልኩን ነው የምጠይቀው።

ላስቲክ ግን ማሳ አይደለም። 20 በ30 የሆነ ላስቲክ ሲሞላ ዲያሜትሩ 12.7 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ አፈሩ 25 ሳንቲ ሜትር ቢደርስ 3.2 ሊትር ገደማ ነው። ውስጡ የሚይዘው ውኃ ቢበዛ 1 ሊትር አካባቢ። የጠርሙስ ክዳን 5 ግራም ያህል ማዳበሪያ ይይዛል። ኤንፒኤስ 19 በመቶ ናይትሮጂን፣ 38 በመቶ ፎስፌት፣ 7 በመቶ ድኝ ነው። ፎስፌቱን አፈሩ በከፊል ቢይዘውም አሞኒየሙና ሰልፌቱ እዚያችው 1 ሊትር ውስጥ ይቀራሉ። ፍጉ በደንብ ያልበሰለ ከሆነ ደግሞ ፖታስየምና ክሎራይድ ይጨምርበታል። የላስቲኩ የታች ቀዳዳ በጭቃ ሲደፈን ውኃው በቅጠል ብቻ ይወጣል፤ ጨው በቅጠል አይተንምና እዚያው ይከማቻል። «ጨው» የሚባለው የገበታው ጨው ብቻ አይደለም፤ የሚሟሟ ማዳበሪያ ሁሉ ለሥሩ ጨው ነው።

ግምቱን ትተን እንለካ። በእጅ የሚያዝ የኢሲ መለኪያ ይበቃል፤ ኢሲ ማለት ውኃው ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍበት ልክ ነው፣ የሟሟው ጨው ሲበዛ ይጨምራል፤ እዚህ የምንጽፈው ቁጥር ሁሉ በዴሲሲመንስ በሜትር ነው።

ችግኞቹን እንደወትሮው ውኃ አጠጡ። ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይንጠፍ። ከዚያ ላስቲኩን ሳህን ላይ አቁማችሁ 100 ሚሊ ሊትር የዝናብ ወይም የተጣራ ውኃ ቀስ ብላችሁ ከላይ አፍስሱ። ከሥር የሚወጣውን የመጀመሪያውን 50 ሚሊ ሊትር ተቀብላችሁ ለኩ። ቢያንስ ከአምስት ላስቲክ ይሁን፤ አንድ ላስቲክ ያሳስታል። የምታጠጡትን ውኃም ለብቻ ለኩ። ቁጥሩን እዚህ ጻፉልን።

የጓሮ ፍሬ
ከመለካት በፊት በዓይን የሚለይም አለ፤ ሁሉንም ቃጠሎ ጨው አታድርጉት።

ክሎራይድ ከሆነ አሮጌው ቅጠል ከጫፉ ይጀምርና ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በደረቀውና በአረንጓዴው መካከል ያለው መስመር ቁልጭ ያለ ነው። የፖታስየም እጥረትም አሮጌ ቅጠል ላይ ይወጣል፤ ግን ጠርዙ በመጀመሪያ ይቢጫል፣ ቀጥሎ ነው የሚነደው። የሥር መበስበስ፣ ፋይቶፍቶራ የሚሉት፣ ከሆነ ደግሞ ቅጠሉ በጠቅላላ ትንሽና ፈዛዛ ይሆናል፤ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ተክሉ ይጠወልጋል፤ ጥቃቅን ሥሮቹ ጥቁርና ተሰባሪ ናቸው። አንድ ላስቲክ ቀድዳችሁ ሥሩን እዩ። ነጭ ጫፍ ያለው ሥር ካለ እፎይ በሉ። ሁለቱ ተደራርበው ሊመጡም ይችላሉ፤ በጨው የተጎዳ ሥር ለፋይቶፍቶራ በር ይከፍታል።

አቮካዶ ከፍራፍሬ ሁሉ ለክሎራይድ እጅግ ስስ ከሚባሉት ነው። በቅጠሉ ደረቅ ክብደት ውስጥ ክሎራይድ 0.25 በመቶ ሲያልፍ ቃጠሎ ይጀምራል። ልዩነቱን የሚያመጣው የታችኛው ግንድ ነው እንጂ ከላይ የተዳቀለው ሃስ የሚባለው ዝርያ አይደለም። የምዕራብ ኢንዲስ ዘር ከሁሉ የተሻለ ጨው ይችላል፣ የጓቴማላው መካከለኛ ነው፣ የሜክሲኮው ከሁሉ ይብሳል። ዘሩን ከየት እንዳመጣችሁት ካላወቃችሁ ከድቃዩ በታች የበቀለ የግንዱን ቅጠል በእጃችሁ ፈርኩት። እንስላል እንስላል የሚሸት ከሆነ የሜክሲኮ ደም አለበት። ሽታ ከሌለው ሌላ ነው።

እግረ መንገዴን፦ ውኃ በቀትር በቅጠል ላይ አትርጩ። ጠብታው ሲተን ያዘለውን ክሎራይድ ቅጠሉ ራሱ ይመጠዋል። ለፖታስየምም ሰልፌቱን እንጂ ክሎራይዱን አትግዙ፤ ፖታሽ ክሎራይድ ግማሽ ያህሉ ክሎሪን ነው።

ሥር አዋቂ
ሁለተኛውን ጥያቄ ልያዝ። ይረዝማል፤ ታገሡኝ።

ጨው ዛፍን የሚጎዳው በሁለት ዙር ነው። የመጀመሪያው ዙር ውኃ መከልከል ነው። አፈሩ ውስጥ ያለው ጨው ውኃውን ይዞ ይጎትታል። 40 ሚሊ ሞላር፣ ማለትም በሊትር 2.3 ግራም ያህል የገበታ ጨው ያለው ውኃ፣ በመለኪያ 4 ዴሲሲመንስ ገደማ የሚያሳየው፣ 0.2 ሜጋ ፓስካል ያህል ይስባል፤ የባሕር ውኃ ደግሞ 2.5 ያህል። ይህ ጉዳት በሰዓታት ውስጥ ይታያል፦ አዲስ ቅጠል መዘርጋቱን ያቆማል፣ የቅጠሉ ቀዳዳዎች ይጠባሉ። ቅጠሉ ግን ገና አልተቃጠለም። ሁለተኛው ዙር መመረዝ ነው፤ ሳምንታት ይፈጃል። ሶዲየሙና ክሎራይዱ ከውኃው ጋር ወጥተው ውኃው ሲተን ቅጠሉ ውስጥ ይቀራሉ። ሶዲየም የፖታስየምን ቦታ እየነጠቀ ይገባል፤ ከ50 የሚበልጡ ኢንዛይሞች የሚነቁት በፖታስየም ነው፣ በሶዲየም ግን አይነቁም። መጀመሪያ የሚደርቀው አሮጌው ቅጠል የሆነውም ለዚህ ነው፤ ብዙ ውኃ ያሳለፈው እሱ ነዋ።

ታዲያ ጨው የሚችል ዛፍ ምን ያደርጋል? «ጨው ይወዳል» የሚለውን ርሱት። ዋናው ሥራው በር መዝጋት ነው። ሒሳቡን እዩት፦ አንድ ተክል ቅጠሉ ውስጥ ከሚያስቀረው ውኃ 50 እጥፍ ያህሉን ወደ አየር ይለቃል። ከ50 እጅ 49ኙ ከወጣ፣ በቅጠሉ ያለው ጨው ከአፈሩ ውኃ እንዳይበልጥ ሥሩ ከሚመጣው ጨው 98 በመቶውን መመለስ አለበት። ጨው የማይችለው ተክልም ቢሆን አብዛኛውን ይመልሳል። በቻለውና ባልቻለው መካከል ያለው ልዩነት በእነዚያ በቀሩት ጥቂት መቶኛዎች ላይ ነው።

በሩ የት ነው? ሥሩ ውስጥ፣ ከውኃ ማሳለፊያው ቧንቧ ቀደም ብሎ፣ የካስፓሪ ቀበቶ የሚባል ሰም የመሰለ ልስን አለ። በሕዋሶች መካከል ሾልኮ የሚመጣውን ውኃ ያግደዋል፤ ውኃው በሕያው ሕዋስ ውስጥ እንዲያልፍ ይገደዳል። እዚያ ነው የሚፈተሸው። የገባውን ሶዲየም ኤስኦኤስ1 የሚባለው ፓምፕ ወደ አፈሩ ይመልሳል። አምልጦ ቧንቧው ውስጥ የገባውን ኤችኬቲ1 የሚባለው መንገድ ላይ ይይዝና ከቧንቧው ያወጣዋል። ቅጠል ድረስ የዘለቀውን ኤንኤችኤክስ1 ቫኩዮል ውስጥ ይከትተዋል። ቫኩዮል የሕዋሱ ጎታ ነው በሉት፤ ሥራው ሁሉ ከጎታው ውጭ ስለሚከናወን ጨው ጎታ ውስጥ እስካለ ድረስ አይጎዳም። እንዲያውም ያ ጨው ውኃ ይስብለታል። ግን ከጎታው ውጭ ያለው ክፍል እንዳይደርቅ የራሱ ማመጣጠኛ ያስፈልገዋል፦ ፕሮሊን፣ ግላይሲን ቤታይን፣ በአውሮፓው ወይራ ማኒቶል የሚባል የስኳር አልኮል። እነዚህን መሥራት ካርቦንና ናይትሮጂን ይበላል። ጨው ላይ ያለ ዛፍ ባይሞትም አጭር የሚሆነው ምግቡ ለዚህ ስለሚወጣ ነው።

ቀሪው ዘዴ ማስወጣት ነው። የቀይ ባሕሩ ማንግሮቭ አቪሴኒያ ማሪና በሥሩ ከ90 በመቶ በላይ ያግዳል፤ ያመለጠውን በቅጠሉ ላይ ባሉ እጢዎች ያልበዋል፤ ቅጠሉን በጣት ነክቶ መቅመስ ነው። ታማሪክስ የሚባለው ቁጥቋጦም እጢ አለው። የመፋቂያው ዛፍ ሳልቫዶራ እጢ የለውም፤ ቅጠሉን እያወፈረ በውኃ ያቀጥነዋል። ሌሎች ጨው የሞላበትን አሮጌ ቅጠል አውርደው ይጥላሉ። መሬት ላይ የወደቀው ጨው ግን ተመልሶ ከዛፉ ሥር ይገባል፤ ታማሪክስ ሥር ሌላ ነገር የማይበቅለው በከፊል በዚህ ነው።

ማንግሮቭን ካነሣሁ አይቀር፦ ሳይንቲስቱ ጎርደን ሳቶ በኤርትራ ሕርጊጎ ዳርቻ ማንግሮቭ ያስተከለበት ሥራ ጥሩ ትምህርት ነው። ዛፉ ከጅረት መግቢያ ውጭ ያልበቀለው ጨው በዝቶበት አልነበረም፤ የባሕሩ ውኃ ናይትሮጂን፣ ፎስፎረስና ብረት ስለሚያጥረው ነው። እነዚህ በሥሩ ሲቀበሩለት በቀለ።

የአዊ ደን
ሥር አዋቂ፣ እጅህ ይባረክ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። በእኛ በኩል ሰው «ባሕር ዛፍ ተክለህ ጨዉን አስመጥጠው» ይላል። ዛፉ ጨዉን ከመለሰው መሬቱ እንዴት ይጸዳል?

ሥር አዋቂ
አይጸዳም! ጥያቄህ ልክ ነው። ባሕር ዛፍ የሚያወጣው ውኃውን ነው። የከርሰ ምድሩን ውኃ ዝቅ ያደርጋል፤ ይህ ጥቅም ነው፤ ጨዋማው ውኃ በጸሐይ ወደ ላይ እንዳይሳብ ያግዳል። ጨዉን ግን ሥሩ አጠገብ ትቶት ይሄዳል፤ ከዓመታት በኋላ ከሥሩ ዙሪያ ያለው አፈር ከበፊቱ የባሰ ሊሆን ይችላል።

በቁጥር እንየው። ኢሲው 1 የሆነ ውኃ በሊትር 640 ሚሊ ግራም ገደማ ጨው ይይዛል። በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር መስኖ ማለት በሄክታር 10,000 ሜትር ኪዩብ ነው፤ 6,400 ኪሎ ጨው በየዓመቱ ይገባል። አሁን የመውጫውን እዩ፦ በሄክታር 5 ቶን ደረቅ ቅጠል ሙሉ በሙሉ ቢታጨድና 2 በመቶው ሶዲየም ቢሆን 100 ኪሎ ነው። ጨው የሚያከማች ቁጥቋጦ 10 ቶን ቢሰጥና 20 በመቶው ጨው ቢሆን እንኳ 2 ቶን ነው፤ የገባውን ሲሶ አያክልም። ጨው የሚወጣው በውኃ ታጥቦ፣ በቦይ ነው። ዛፉ ጊዜ ይገዛል፣ ጥላ ይሰጣል፣ መሬቱን ያላላል። ከዚያ በላይ አትጠይቁት።

ቆላ ደጀን
የዓባይ በረሃን ረስታችሁታል።

«ጎጃም ጨው የለም» የሚለው ለደጋው ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ ስትወርዱ ከባዛልቱ በታች የኖራ ድንጋይ፣ ከእሱም በታች ጀሶ፣ ማለትም ጂፕሰም ያለበት ድንጋይ ይገኛል። በዚያ ያለፈ ምንጭ ውኃ መለኪያ ላይ ከፍ ብሎ ይነበባል፤ ሰው «ጨው ነው» ብሎ ይተወዋል። ጂፕሰም በሊትር 2.5 ግራም ገደማ ብቻ ነው የሚሟሟው፤ ሲጠግብ ኢሲው 2.2 አካባቢ ላይ ይቆማል። ይህ ካልሲየም ሰልፌት ነው፤ ሶዲየም ክሎራይድ አይደለም። ጂፕሰም ያለበት አፈር ላይ ተክል ከሌላው 2 ዴሲሲመንስ ያህል ከፍ ያለ ንባብ ሊችል እንደሚችል የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) የመስኖ ውኃ መመሪያም ይፈቅዳል።

መለያው ቀላል ነው። 20 ግራም አፈር በ100 ሚሊ ሊትር ውኃ ለኩ፤ ቀጥሎ 10 ግራም በ100። የገበታ ጨው ከሆነ ንባቡ በግማሽ ይወርዳል። ጂፕሰሙ ገና ያልሟሟ ትርፍ ካለው ንባቡ እምብዛም አይወርድም፤ 2 አካባቢ ተገትሮ ይቀራል።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር፦ ጀሶና ኖራ አንድ እየመሰላቸው የሚገዙ አሉ። ኖራ አሲድ ይሰብራል፣ ፒኤች ከፍ ያደርጋል። ጀሶ ፒኤችን ከፍ አያደርግም፤ ሥራው ሶዲየምን ገፍቶ ካልሲየምን መተካት ነው። ለፋግታ ቀይ አፈር ጀሶ ብታደርጉ አሲዱ እንዳለ ነው። ለአዋሽ ሶዲየም መሬት ኖራ ብታደርጉ፣ ፒኤቹ ከ8.5 በላይ በሆነ አፈር ኖራው አይሟሟም፤ ገንዘባችሁን አፈር ላይ በተናችሁት ማለት ነው።

አፈር መዛኝ
ቆላ ደጀን ያለው እውነት ነው፤ ለትእዛዙ መሬትም ይህ ልዩነት ወሳኝ ነው። አዛዡን የአፈር ውጤት ጠይቁት። ሦስት ቁጥር ይበቃል፦ የአፈር ጭማቂ (በውኃ ከተለወሰ አፈር የሚወጣው ውኃ) ኢሲ፣ ፒኤች፣ የሶዲየም መቶኛ።

ኢሲው ከ4 በላይ፣ ፒኤቹ ከ8.5 በታች፣ ሶዲየሙ ከ15 በመቶ በታች ከሆነ ጨዋማ ነው፤ ውኃና መውረጃ ቦይ ያድነዋል። ሶዲየሙ ከ15 በመቶ በላይ፣ ፒኤቹም ከ8.5 በላይ ከሆነ ሶዲየማዊ ነው፤ ያለ ጀሶ ውኃ ብቻ ብትለቁበት ይብሳል፤ አፈሩ ይበተንና ቀዳዳው ይደፈናል። ላብራቶሪ ከሌለ የደረቀ የአፈር ጓል ብርጭቆ የዝናብ ውኃ ውስጥ ሳትነኩ አስቀምጡ። በ24 ሰዓት ውስጥ ጓሉን የወተት ደመና የመሰለ ድፍርስ ከከበበው ሶዲየም ነው። መፈራረስ ብቻውን ምልክት አይደለም፤ የቢቸናና የደጀን መረሬ አፈርም ይፈራርሳል፣ ውኃው ግን ይጠራል።

የጀሶ መጠን ለሚጠይቅ፦ በ100 ግራም አፈር 1 ሚሊ ኢኩቫለንት ሶዲየም ለመተካት፣ ለላይኛው 15 ሳንቲ ሜትር፣ በሄክታር 1.7 ቶን ገደማ ንጹሕ ጂፕሰም ነው። በእኛ አቆጣጠር ቃዳው ሩብ ሄክታር ነውና ለአንድ ቃዳ 4 ኩንታል ከ25 ኪሎ ይመጣል። ንጽሕናው 70 በመቶ ከሆነ ለ0.7 አካፍሉት።

የአምስት ለአንዱን፣ ማለትም የ20 ግራም አፈር በ100 ሚሊ ሊትር ውኃውን፣ ንባብ ወደ አፈር ጭማቂ ለመለወጥ ለከባድ ሸክላ በ6 ወይም 7፣ ለመካከለኛ አፈር በ9 ወይም 10፣ ለአሸዋማ በ13 ወይም 14 አባዙ። ጂፕሰም ባለበት አፈር ይህ ማባዣ አይሠራም፤ ብዙ ውኃ ብዙ ጂፕሰም ያሟሟልና ቁጥሩን ያጋንነዋል።

ችግኝ ዘመራዊ
ለካሁ። የማጠጣበት ውኃ 0.15። ከላስቲኮቹ የወጣው፦ 3.4፣ 4.1፣ 3.8፣ 2.9፣ 4.6። ፍግ ያልገባበት የአካባቢው አፈር በአምስት ለአንድ 0.06። ሁለት ላስቲክ ቀድጄ አየሁ፤ ሥሩ ነጭ ጫፍ አለው፣ ግን የላስቲኩ ታች ረግረግ ነው።

አፈር መዛኝ
እንግዲህ ውኃውም አፈሩም ነጻ ወጡ። ጨዉ የመጣው ከፍጉና ከክዳኑ ነው፤ ያልወጣውም ታቹ ስለተደፈነ ነው።

ዛሬ የላስቲኩን ታች በሚስማር ስድስት ቦታ ውጉ፤ ጎኑንም ከታች 2 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብላችሁ አራት ቦታ። ላስቲኩን ከጭቃው አንሥታችሁ ጠጠር ወይም ቆርቆሮ ላይ አስቀምጡት። ከዚያ እጠቡ፦ 1 ሊትር ቀስ ብሎ፣ 30 ደቂቃ ጥበቃ፣ 1 ሊትር፣ 30 ደቂቃ፣ 1 ሊትር። ሦስቱን ሊትር በአንድ ጊዜ ብታፈሱት በዳር በዳር ሮጦ ይወጣና መሐሉ ሳይታጠብ ይቀራል። ከአፈሩ መጠን ጋር የሚተካከል ውኃ ሲያልፍ ከጨው 80 በመቶ ገደማ ይዞ ይወጣል። በማግሥቱ ለኩ፤ ከ1.5 በታች እስኪሆን ድገሙት፣ ግን በመካከል ሁለት ቀን አየር ይግባው።

ናይትሮጂኑም አብሮ ይታጠባል። ከ10 እስከ 14 ቀን ጠብቁና አዲስ እምቡጥ ሲታይ 1 ግራም ዩሪያ በ1 ሊትር ውኃ አሟሙታችሁ ለአንድ ላስቲክ 200 ሚሊ ሊትር ስጡ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፦ ዩሪያ ገና ሲሟሟ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ መለኪያው አያየውም። በቀናት ውስጥ ወደ አሞኒየም ሲለወጥ ነው ንባቡ የሚዘለው። «ለካሁት፣ ዜሮ ነው» ብሎ ሌላ መጨመር ሥር ያቃጥላል።

ወደ ማሳ ሲተከል ደግሞ፣ ውኃችሁ 0.15 ስለሆነ ለማጠብ ብላችሁ ትርፍ ውኃ አትጨምሩ፤ ክረምቱ ይበቃል። የጉድጓድ ውኃ ለሚያጠጡ ግን ሒሳቡ ይህ ነው፦ የውኃው ኢሲ፣ ሲካፈል ለአምስት እጥፍ የአፈሩ ገደብ ሲቀነስ የውኃው ኢሲ። አቮካዶ ምርት ሳይቀንስ የሚችለው የአፈር ጭማቂ 1.3 ነው። ውኃው 0.7 ቢሆን 0.7 ለ5.8፣ 12 በመቶ ይመጣል። ዛፉ በቀን 5 ሚሊ ሜትር የሚጠጣ ከሆነ 5.7 ስጡት ማለት ነው።

የጓሮ ፍሬ
ጓሮ ላይ አቮካዶና ጌሾ ላላቸው አንድ ነገር ልጨምር። የእቃ እጣቢና የዱቄት ሳሙና ውኃ ሶዲየም አለው፤ በበጋ በየቀኑ አንድ ዛፍ ሥር የሚደፋ ከሆነ ጎጃምም ላይ ሶዲየም መሬት ይሠራል። አመድም በልኩ ነው፤ አሲድ ይሰብራል ተብሎ በአካፋ ሲደፋ ፖታስየሙ ራሱ ጨው ነው። አተላ ግን ጉዳቱ ሌላ ነው፤ ሲብላላ የሥሩን አየር ይጨርሳል።

ችግኝ ዘመራዊ
ገባኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለአዋሹ የትኞቹን ላፍላ? አዛዡ ሽውሽዌ፣ ኒም፣ ቁርቁራና «ፈጣን የሆነ ነገር» ብሏል። የአካሽያ ዲከረንስ ዘር በእጄ አለ።

የአዊ ደን
ዲከረንስን ለአዊ ተዉት! አሲድ የሆነ ደጋ ላይ ነው ያማረበት፤ ሙቀቱም ፒኤቹም ሌላ የሆነ ቆላ ወስዳችሁ አታዋርዱት።

ሽውሽዌ ጥሩ ምርጫ ነው። ጨውም ትንሽ ውኃ መተኛትም ይችላል፤ ናይትሮጂን የሚያዘጋጅለት ፍራንኪያ የሚባል ባክቴሪያ ግን ያስፈልገዋል። ካረጀ ሽውሽዌ ሥር፣ ከላይኛው 10 ሳንቲ ሜትር አፈር አምጥታችሁ ከድብልቁ አንድ አሥረኛ አድርጉ፤ አለበለዚያ ችግኙ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ኒም መካከለኛ ጨው ይችላል፣ ውኃ የሚተኛበት ቦታ ግን ይሞታል። ዘሩ ከተለቀመ በኋላ በሳምንታት ውስጥ የመብቀል ኃይሉን ያጣል፤ ያደረ ዘር አትግዙ። ቁርቁራም መካከለኛ ነው፤ ጠንካራውን ፍሬ ሰብሮ ዘሩን ማውጣት ብቅለቱን ያፋጥናል። ከባሕር ዛፍ ቀዩ ከነጩ ይሻላል። ሰስባንያ ውኃ ለሚተኛበት ዳር ይሆናል።

ከሁሉ በላይ ጨው የሚችለው ፍሬ ተምር ነው፤ የአፈር ጭማቂ 4 እስኪደርስ ምርቱ አይቀንስም፤ ከዚያ በኋላም ለእያንዳንዱ አንድ ዴሲሲመንስ 3.6 በመቶ ብቻ ነው የሚቀንሰው። ለማነጻጸር ብርቱካን ገደቡ 1.7 ነው፣ ከዚያ በኋላ በ16 በመቶ ነው የሚወርደው። ግን ተምርን ከፍሬው ብታፈሉት ግማሽ ያህሉ ወንድ ይሆናል፤ ከእናቱ ሥር የሚነቀል ቡቃያ ነው የሚፈለገው።

«ፈጣን የሆነ ነገር» ያለው ፕሮሶፒስን ከሆነ እንቢ በሉ። ጨው ይችላል፣ ፈጣንም ነው፤ የአፋርን ግጦሽ የወረረውም እሱ ነው።

ሥር አዋቂ
ውኃ የሚተኛበት ቦታ ተደጋግሞ የተነሣው በከንቱ አይደለም። ቀደም ሲል የጻፍኳቸው ፓምፖች ሁሉ በኃይል ነው የሚሠሩት። ሥር ኦክስጅን ሲያጣ ከአንድ ግሉኮስ የሚያገኘው ኃይል ከ30 አካባቢ ወደ 2 ይወርዳል። በሩን የሚዘጋው ዘበኛ ራበው ማለት ነው፤ ሶዲየም እየጎረፈ ይገባል። ስለዚህ ጨው የሚችል ዛፍ ተብሎ የተጻፈለት ሁሉ ጨውና ውኃ አንድ ላይ ሲሆኑ ላይችል ይችላል። በመካከለኛው አዋሽ፣ አሚባራ አካባቢ የጨዉ ምክንያት የመስኖው ከርሰ ምድር ውኃ ከፍ ማለቱ ስለሆነ ይህን አትርሱ። ችግኙ በጉድጓድ ሳይሆን ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ መደብ ትከሻ ላይ ይተከል፤ ጫፉ ላይ ግን አይሁን፣ ጨው ከቦዩ ተስቦ የሚከማቸው የመደቡ አናት ላይ ነው።

ከመላካችሁ በፊት ችግኙን አለማምዱት፣ የማይችለውንም እዚያው ለዩ። በንጹሕ ውኃ ሦስት ወር ያድግ። ከዚያ ማታ ማታ፣ 25 ሚሊ ሞላር፣ ማለትም በሊትር 1.5 ግራም የገበታ ጨው፤ ከአራት ቀን በኋላ 50፣ በሊትር 2.9 ግራም፣ መለኪያው 5 አካባቢ ይላል፤ ከሌላ አራት ቀን በኋላ 75፣ 4.4 ግራም፤ ከዚያ 100፣ 5.8 ግራም፣ 10 አካባቢ። በአንድ ቀን 100 ላይ ብትወረውሩት የምትለኩት የድንጋጤውን ሞት ነው እንጂ መቻሉን አይደለም። ካልሲየም አትርሱ፤ የሕዋሱን ስስ ሽፋን አጥብቆ የሚይዘው እሱ ነው፤ ያለ እሱ ሁሉም ዝርያ ደካማ ይመስላል። በ50 ሚሊ ሞላር ላይ በሊትር 0.86 ግራም ጂፕሰም ጨምሩ፣ በ100 እጥፉን። ባጠጣችሁ ቁጥር ከሰጣችሁት ሩቡ ከታች ይውጣ፤ ካልወጣ እንደ አቮካዶው ይከማቻል፣ «100» ያላችሁት 300 ይሆናል። ከታች የሚወጣውን ለኩ እንጂ ያፈሰሳችሁትን አትመኑ።

ከእያንዳንዱ ዝርያ 30 ችግኝ በጨው፣ 30 በንጹሕ ውኃ፤ ስድስት ሳምንት። አዲስ ቅጠል የሚያወጣውንና አሮጌውን ብቻ የሚያራግፈውን ለዩ። ዘር በጨው ውኃ ላይ ማብቀል ግን ሌላ ፈተና ነው፤ በብቅለቱ የወደቀ ዝርያ በችግኝነቱ ሊያልፍ ይችላል።

ችግኝ ዘመራዊ
እሽ፣ በዚሁ እጀምራለሁ። አቮካዶው ሁለት ጊዜ ከታጠበ በኋላ 1.3፣ 1.6፣ 1.1፣ 1.4፣ 1.7 ነው። አንድ የቀረኝ፦ መለኪያዬ ትክክል መሆኑን በምን ልወቅ?

አፈር መዛኝ
1.6ቱና 1.7ቱ አንድ ጊዜ ይደገሙ፣ ሌሎቹን ተዋቸው።

ለመለኪያው 0.746 ግራም ደረቅ ፖታሽ ክሎራይድ በ1 ሊትር የተጣራ ውኃ ይሟሟል፤ በ25 ዲግሪ 1.41 ማንበብ አለበት። ግራም የሚመዝን ሚዛን ከሌለ ከላብራቶሪ ዕቃ ሻጭ «1413» የሚል ፈሳሽ ይገዛል። ሙቀቱን የማያስተካክል ርካሽ መለኪያ ከሆነ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 2 በመቶ ያህል ይስታል፤ ጠዋት 15 ዲግሪ ላይ የተለካና ቀትር ላይ የተለካ አይነጻጸርም። ጫፉን ከእያንዳንዱ ንባብ በኋላ በዝናብ ውኃ ማጠብ አትርሱ፤ ከ4.6ቱ ላስቲክ ወደ ቀጣዩ ሳይታጠብ ከሄደ ቀጣዩም ያለ ጥፋቱ ይታማል።